ተተኪ የሙዚቃ ጓድና የጎረቤት ድጋፍ

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለጊዜው ሲሰሙት የጨዋታና የመዝናኛ ነገር ብቻ ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ግን ስለ ጉርብትና፥ ስለ ውክልናና ስለ ቅን አገልግሎት ብዙ የሚያስተምር ሆኖ ይገኛል። ነገሩም እንዲህ ነው፤ አንድ የተማሪዎች የስፖርት ቡድን ከአገሩ ርቆ ለውድድር ይሄዳል። ሁልጊዜ የሚያበረታታው የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ግን ሊከተለው አልቻለም። በዚህን ጊዜ በውድድሩ ከተማ አቅራቢያ የሚገኝ የሌላ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ጓድ ተተክቶ፥ የእንግዳውን ቡድን ልብስ ለብሶ፥ የእንግዳውን ቡድን መዝሙር እየነፋ ያበረታታዋል። እንዲህ ያለው ጓድ ተተኪ የሙዚቃ ጓድ ይባላል።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። አንደኛው፥ ስለ ቡድኑ ምንም የማያውቁ ሰዎች በጥቂት ቀን ውስጥ መዝሙሩን አጥንተው እንዴት ሊጫወቱ ይችላሉ? የሚል ነው። ሁለተኛውና ከባዱ፥ የራስ ያልሆነን ወገን ከልብ ማበረታታት ይቻላልን? ወይስ የውሸት ጩኸት ነው? የሚል ነው። ሁለቱንም በየተራ እንመለከታለን።

ጨዋታውና ሙዚቃው

ይህ ልማድ የተስፋፋው በአሜሪካ የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር ነው። የቅርጫት ኳስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጄምስ ናይስሚዝ በተባለ መምህር የተፈጠረ ጨዋታ ነው። መምህሩ ያስተምር የነበረውም በአገራችን ወወክማ በሚል አኅጽሮት በሚታወቀው በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ነበር። የአገሩ ብርድ ብርቱ ስለ ነበረ፥ ተማሪዎቹ ከቤት ሳይወጡ ሰውነታቸውን የሚያፍታቱበት ጨዋታ እንዲገኝ አስቦ፥ የኮክ መልቀሚያ የነበሩ ሁለት ቅርጫቶች ከፍ አድርጎ ሰቀለና ኳስ እንዲያገቡባቸው አደረገ። ስሙም ከዚያው ከቅርጫቱ የመጣ ነው።

ጨዋታው የቤት ውስጥ መሆኑ ለሙዚቃው ትልቅ ምክንያት ሆኗል። በሜዳ ላይ የተነፋ ጥሩምባ ድምፁ በነፋስ ይበተናል፤ ጣሪያና ግድግዳ ባለው አዳራሽ ውስጥ ግን ድምፁ እየተመለሰ ስለሚያስተጋባ ጥቂት ሰዎች ብቻ አዳራሹን ሊሞሉት ይችላሉ። ደግሞም የቅርጫት ኳስ ብዙ ጊዜ ቆም የሚል ጨዋታ ነው። አሠልጣኞች ተጫዋቾቻቸውን ለመምከር ዕረፍት ይጠይቃሉ፤ በጨዋታውም እኩሌታ ረዘም ያለ ዕረፍት አለ። የሙዚቃ ጓዱ ሥራ በነዚህ ክፍተቶች መጫወት ነው። ኳሱ በጨዋታ ላይ ሳለ መንፋት አይፈቀድለትም። እንግዲህ ሙዚቀኛው ለማበረታታት ብቻ ሳይሆን በጊዜው ዝም ለማለትም መሠልጠን አለበት።

ከኮሌጆቹ ውድድሮች ሁሉ ታላቁ በየዓመቱ በመጋቢት ወር ገደማ የሚደረገው የአገር አቀፉ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ውድድር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1939 በ8 ቡድኖች ተጀምሮ፥ አሁን በወንዶቹ 68 ቡድኖች የሚካፈሉበት ሆኗል። ጨዋታዎቹ የሚደረጉት በየቡድኑ አገር ሳይሆን አስቀድመው በተመረጡ ከተሞች ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን ይዞት ሊመጣ የሚፈቀድለት የሙዚቀኛ ቁጥር 29 ነው። ይህም ባለጠጋው ዩኒቨርሲቲ መቶና ሁለት መቶ ሙዚቀኛ አሰልፎ ትንሹን ኮሌጅ በጩኸት እንዳያሸንፈው የሚረዳ ደንብ ነው።

ችግሩ የሚነሣው ከጊዜው ማጠር ነው። ቡድኖቹ ማን ከማን ጋር በየትኛው ከተማ እንደሚጋጠም የሚያውቁት እሑድ ማታ ሲሆን፥ ብዙዎቹ ሐሙስ ወይም ዓርብ መጫወት አለባቸው። ተጫዋቾቹና አሠልጣኞቹ ወዲያው ይጓዛሉ። ሙዚቀኞቹ ግን ተማሪዎች ናቸው፤ ፈተና ያለበት አለ፤ በዚያው ወር በሚሰጠው የትምህርት ዕረፍት ወደ ቤተሰቡ የሄደም አለ። ስለዚህ ቡድኑ ከደረሰበት ከተማ ጓዱ ሳይደርስ ይቀራል። በአዳራሹ አንደኛው ማዕዘን የተፎካካሪው ሙዚቃ ሲያስገመግም ሌላው ማዕዘን ጸጥ ይላል። ተተኪው ጓድ የሚያስፈልገው ለዚህ ጊዜ ነው።

የዬልና የአይዳሆ ታሪክ

ከነዚህ ጓዶች ሁሉ ስሙ ይበልጥ የተነገረለት የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ጓድ ነው። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. የዬል ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን በዋሽንግተን ግዛት በስፖኬን ከተማ እንዲጫወት ዕጣ ደረሰው። ዬል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1701 የተመሠረተ፥ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ በኒው ሄቨን ከተማ የሚገኝ ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስፖኬን ደግሞ በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ማለት ነው። የዬል ሙዚቀኞችም በዕረፍት ላይ ስለ ነበሩ ከቡድኑ ጋር ሊሄዱ አልቻሉም።

የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ሞስኮ ትባላለች። ስሟ ከሩስያዋ ሞስኮ ጋር አንድ ይሁን እንጂ፥ ለስፖኬን የምትቀርብ፥ በመኪና ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደረስባት የአሜሪካ ከተማ ናት። የአይዳሆ የራሱ ቡድን በውድድሩ አልነበረም። ስለዚህ ጓዱ በተጠየቀ ጊዜ እሺ አለ። የዬልን መዝሙር በጥቂት ቀን ውስጥ አጠና፤ የዬልን ስም የያዘ ልብስ ለበሰ፤ ስፖኬንም ሄዶ በዬል ደጋፊዎች ስፍራ ተቀመጠ። ያጠናው መዝሙር «ቡልዶግ» ይባላል። የደረሰውም ኮል ፖርተር ነው፤ ፖርተር በኋላ በሙዚቃ ድርሰቱ በዓለም የታወቀ ሲሆን፥ ይህን መዝሙር የደረሰው ገና የዬል ተማሪ ሳለ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ነበር።

መጋቢት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ዬል ከኦበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጋጠመ። በደረጃ ዕጣው ኦበርን በምድቡ 4ኛ፥ ዬል ደግሞ 13ኛ ስለ ነበረ ብዙ ሰው ኦበርን ያሸንፋል ብሎ ገምቶ ነበር። ሆኖም ዬል 78 ለ76 አሸነፈ። የዬሉ ተጫዋች ጆን ፑላኪዳስ ብቻውን 28 ነጥብ አስቆጠረ። የአይዳሆ ሙዚቀኞችም ደስታቸው እንደ ባለቤቶቹ ሆነ። ሕዝቡም የአይዳሆን የቡድን ስም «ቫንዳልስ»ንና የዬልን «ቡልዶግስ» አዋሕዶ «ቫንዶግስ» የሚል ስም አወጣላቸው። ዬል ከሁለት ቀን በኋላ በሳን ዲዬጎ ስቴት ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። የአይዳሆ ጓድ ወዳጅነት ግን በጋዜጦች እየተነገረ ቆየ።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ጨዋታውን ያሸነፉት ተጫዋቾቹ ናቸው። ጥሩምባ ኳስ አያገባም። ነገር ግን ከአገሩ የራቀ ወጣት በደከመበት ሰዓት የገዛ ትምህርት ቤቱን መዝሙር ሲሰማ ብቻውን አለመሆኑን ያውቃል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው የአባቶቻችን ቃል በዚያ በሩቅ አገር በተግባር የታየው እንዲህ ነው።

እንዴት ይቻላል?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አንድ ጓድ የማያውቀውን መዝሙር በጥቂት ቀን ውስጥ እንዲያጠና ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው ጽሑፍ ነው። ሙዚቃው በኖታ ተጽፎ ከተላከ፥ ኖታ ማንበብ የተማረ ሁሉ ዜማውን ከነርዝመቱና ከነፍጥነቱ ከወረቀቱ ላይ ያገኘዋል። ሁለተኛው የመሣሪያው አንድ ዓይነት መሆን ነው። በኒው ሄቨን ያለው ትራምፔትና ትሮምቦን በሞስኮ ካለው ጋር ድምፁ አንድ ነው፤ ስለዚህ ለአንዱ የተጻፈው ለሌላው ይሆናል። ሦስተኛው አስቀድሞ የተገኘ ልምምድ ነው። አብረው መተንፈስን፥ መሪያቸውን ማየትንና እርስ በርስ መደማመጥን የለመዱ ሙዚቀኞች ለአዲሱ መዝሙር የሚቀራቸው ዜማውን መልመድ ብቻ ነው።

ይህ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ስልት ተከፍሎ፥ በየቃሉ ላይ በሚደረግ ምልክት እየተመራ ይዜማል። ስለዚህ በጎንደር የተማረ ደብተራ ወደ ዲላ ወይም ወደ ሌላ ሩቅ ከተማ ቢመጣ፥ ጸናጽሉንና መቋሚያውን ይዞ ከማኅሌቱ ሊቆም ይችላል። የሰው ቁጥር በጎደለበት ደብር በበዓል ቀን ከጎረቤት ደብር ሊቃውንት ተጠርተው ማኅሌቱን ሲያሟሉ ማየትም የተለመደ ነው። ሥርዓቱ የጋራ ከሆነ ሰው ሰውን ሊተካ ይችላል።

ሥርዓቱ የጋራ ካልሆነ ግን መተካት ይከብዳል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን እምቢልታ ነው። እምቢልታ በነጋሥታቱና በመኳንንቱ ፊት ሲነፋ የኖረ ረዥም የትንፋሽ መሣሪያ ሲሆን፥ አንዱ ነፊ ብቻውን ዜማ ሊያወጣበት አይችልም። እያንዳንዱ የየራሱን አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይነፋል፤ ዜማው የሚገኘው ሦስቱ ነፊዎች በየተራቸው ሲገናኙ ነው። በደቡብ በደራሼ ሕዝብ ዘንድ የሚነፋው ፊላም እንዲሁ ብዙ ሰው ተባብሮ አንድ ዜማ የሚሠራበት ነው። ከነዚህ ነፊዎች አንዱ ቢቀር ዜማው ይጎድላል፤ ተራውን የማያውቅ እንግዳ ሰው ቢገባም ዜማው ይበላሻል። እንግዲህ ተተኪ የሚሆን ሰው ከመተካቱ በፊት ተራውን ማወቅ አለበት።

የተዋሰነው የነሐስ ድምፅ

በአገራችን ታሪክም ከሌላ ሕዝብ የመጣ ጓድ የእኛን ክብር በድምፁ ያሰማበት ጊዜ ነበረ። ነጋሪት፥ መለከትና እምቢልታ ከጥንት የኖሩ ሲሆኑ፥ በአውሮፓ ሥርዓት የሚነፉት የነሐስ መሣሪያዎች ግን ወደ አዲስ አበባ የገቡት በ1888 ዓ.ም. ከተገኘው ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩስያ ንጉሥ ከኒኮላ 2ኛ በተላከ ስጦታ ነው። ከዚያም በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ ውጭ አገር ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ደርሰው፥ በአርመኖች ገዳም ያደጉ 40 ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። እነዚህ ልጆች በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1915 ጀምሮ በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ ከደረሰው ፍጅት የተረፉ ነበሩ። አልጋ ወራሹም ከፓትርያርኩ ጋር ተስማምተው ልጆቹን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። በዚያው ዓመት በጳጉሜን ወር አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው፤ እስከ ዛሬም የሚታወቁት በዚሁ ስም ነው።

መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተባለውን መዝሙር ዜማ የደረሰው እርሱ ነው፤ ቃሉን የደረሱት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። መዝሙሩም እስከ ዘውዳዊው ሥርዓት ፍጻሜ ድረስ የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ቆየ። እንግዲህ አገራቸውንና ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች፥ ቋንቋውን ገና ሳያውቁ፥ የሌላውን አገር ክብር በጥሩምባቸው አሰሙ። ይህ የውሸት ጩኸት ነበር የሚል ሰው አይገኝም። ያስጠጋቸውን አገር በሚችሉት ሙያ አገለገሉ፤ ሙያውም ከእነርሱና ከመምህራቸው ወደ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ተላለፈ። የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ኋላ መጥቶ በማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድና በቴያትር ቤት ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተማረ። የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ጓዶች በሚታወቁበት ዘመን መሣሪያውን የያዙት የአገሩ ልጆች ነበሩ።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንማራለን። ጥሩ ተተኪ የሰውን ቦታ ይዞ አይቀርም፤ ባለቤቱ እስኪደርስ ድረስ ቦታውን ይጠብቃል፥ የሚያውቀውንም ያስተምራል።

የሰው ወገን ከልብ ይደገፋልን?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደርሰናል። ለማያውቁት ቡድን መጮኽ ከልብ ሊሆን ይችላልን?

በአገራችን ብዙ ስፍራ በለቅሶ ቤት አልቃሽ ትጠራለች። አልቃሿ የሟች ዘመድ ላትሆን ትችላለች። ነገር ግን ሙያዋን የምታውቅ አልቃሽ ዝም ብላ አትጮኽም፤ አስቀድማ የሟቹን ስም፥ የአባቱን ስም፥ ሥራውንና ደግነቱን ጠይቃ ትረዳለች። ከዚያ በኋላ የምታወጣው ግጥም በቤቱ ያሉትን ሰዎች የታፈነ ኀዘን ይከፍታል። የገዛ ዘመዶቹ ሊናገሩት ያልቻሉትን እርሷ ትናገርላቸዋለች። ኀዘኑ የነርሱ ነው፤ ቃሉ ግን የርሷ ነው። ስለዚህ ለቅሶዋ ውሸት ነው አንልም። በሰርግም እንዲሁ ነው። ሙሽራውን የማያውቅ አዝማሪ ስሙንና ዘመዶቹን ጠይቆ ያወድሰዋል፤ ደስታው የባለሰርጉ ሲሆን ዜማው የአዝማሪው ነው።

እንግዲህ የተተኪ ድጋፍ እውነተኛ የሚሆነው በሁለት ነገር ነው። የሚደግፈውን ሰው ለማወቅ ሲደክምና በፈቃዱ ሲያደርገው ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ድጋፉ ባዶ ይሆናል። ክቡር አንባቢ ሆይ፤ በመሥሪያ ቤት የኖሩ እንደ መሆንዎ በትእዛዝ የሚደረግ ጭብጨባን ሳያውቁት አይቀሩም። ሰዎች ከሥራቸው ተጠርተው፥ ስለማያውቁት ነገር፥ በተሰጣቸው ምልክት እያጨበጨቡ ይመለሳሉ። የአጨብጫቢዎቹ ቁጥር ብዙ ነው፤ የሚበረታ ሰው ግን የለም። የአይዳሆ ሙዚቀኞችን ከእንዲህ ዓይነቶቹ የሚለያቸው ተጠይቀው እሺ ማለታቸውና መዝሙሩን ለማጥናት መድከማቸው ነው።

ነገሩ ወደ ጨለለቅቱ ሲመጣ

ምናልባት ይህ ሁሉ ለባለጠጋ አገር ኮሌጅ ካልሆነ በቀር ለእኛ ምን ይጠቅማል ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ነገሩ በቅርባችን ነው። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንዶች ፕሪሚየር ሊግ እግር ኳስ ውድድር በየክለቡ ከተማ መደረጉ ቀርቶ፥ ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ እንዲጫወቱ ተደረገ። አዲስ አበባ፥ ጅማ፥ ባሕር ዳር፥ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናገዱ። እንዲህ ባለው አሠራር ቡድኑ ከደጋፊው ተለይቶ ለሳምንታት በሰው ከተማ ይሰነብታል። ደጋፊው ሠራተኛ ወይም ተማሪ ወይም ገበሬ ነውና ሁልጊዜ ሊከተለው አይችልም። ይህ ከዬል ችግር ጋር በምንም አይለይም።

በጌዴኦ ዞን በኮቸሬ ወረዳ የምትገኘውን የጨለለቅቱን ከተማ እንውሰድ። አገሩ የቡናና የእንሰት አገር ነው። ሰውና ዛፍ፥ እንሰትና ቡና አብረው የሚኖሩበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የጨለለቅቱ ተማሪዎች ለኳስ ወይም ለሩጫ ውድድር ወደ ዲላ ቢሄዱ፥ ቀኑም የቡና ለቀማ ወቅት ቢሆን፥ ወላጆቻቸውና ጓደኞቻቸው ሥራ ላይ ናቸው። የመኪና ኪራይም ለሁሉ አይበቃም። እንግዲህ ልጆቹ በዲላ ሜዳ ላይ ሲወጡ ማን እልል ይበልላቸው? የዲላ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የራሳቸው ቡድን በማይጫወትበት ሰዓት ከበሮአቸውን ይዘው ቢወጡላቸው፥ የጨለለቅቱንም ልጆች ዘፈን አስቀድመው ቢያጠኑላቸው፥ ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ ስጦታ ይሆናል። ሌላ ጊዜ የዲላ ልጆች ወደ ኮቸሬ ሲመጡ የጨለለቅቱ ልጆች ብድሩን ይመልሳሉ።

ይህ አሠራር በአገራችን ስም ያለው ነው። ወንፈል ይባላል። ዛሬ በእርስዎ እርሻ፥ ነገ በእኔ እርሻ ብሎ ጉልበትን የመዋዋስ ልማድ ነው። ጉልበት የሚዋዋስ ሕዝብ ድምፅን መዋዋስ አይከብደውም።

በዚህ አካባቢ ግን ከጨዋታ የሚበልጥ ነገርም አለ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ኮቸሬም ተፈናቃዮችን ከተቀበሉት ወረዳዎች አንዱ ነበር። ትምህርት ቤቶችና የጸሎት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ራሱ ብዙ የሌለው ገበሬ ጓዳውን ከእንግዳ ጋር ተካፈለ። ጌዴኦና ጉጂ ከጥንት ጀምሮ በገበያ፥ በጋብቻና በጉርብትና የተሳሰሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ደም ሲፈስም ጎንዶሮ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት አላቸው። ዕርቅ በሽማግሌዎች ይጀመራል፤ የሚጸናው ግን በልጆች ነው። የአንዱ ወገን ልጆች በሌላው ከተማ ሲጫወቱ፥ የከተማው ልጆች በስድብ ሳይሆን በእንግዶቹ ዘፈን ቢቀበሏቸው፥ ያ ሜዳ ከጨዋታ በላይ ያገለግላል። የጎረቤትን ዘፈን ለመዝፈን መጀመሪያ ቃሉን መማር ያስፈልጋል፤ ቃሉን የተማረ ልጅ ደግሞ ጎረቤቱን በወሬ ብቻ ከሚያውቀው ልጅ ይልቅ ክፉ ወሬ ሲሰማ ቆም ብሎ ያስባል።

የተተኪ ሕግጋት

እንዲህ ያለ ነገር በትምህርት ቤቶቻችን ወይም በክለቦቻችን እንዲለመድ የሚሹ ሰዎች የሚከተሉትን ቢጠብቁ ይበጃል።

አንደኛ፥ ድጋፉ በጥያቄና በፈቃድ ይሁን። እንግዳው ቡድን ሳይጠይቅ ወይም ሳይስማማ በስሙ መጮኽ ተገቢ አይደለም።

ሁለተኛ፥ መዝሙሩ ባለቤቶቹ እንደሚዘምሩት ይሁን። ተተኪው የራሱን ዘፈን በሰው ስም ቢዘፍን ራሱን እንጂ እንግዳውን አላገለገለም።

ሦስተኛ፥ ተፎካካሪው አይሰደብ። ለአንዱ እንግዳ ወዳጅ ለመሆን ሌላውን እንግዳ ማስቀየም የከተማውን ስም ያጎድፋል።

አራተኛ፥ የገዛ ቡድኑ ከእንግዳው ጋር በሚጋጠምበት ቀን ማንም ተተኪ እሆናለሁ አይበል። በሁለት ልብ የሚደረግ ድጋፍ ሁለቱንም ወገን ያሳዝናል።

አምስተኛ፥ የእንግዳው ደጋፊዎች ሲደርሱ ቦታው ይለቀቅላቸው። ከበሮውን ማበደር ይቻላል፤ የመሪነቱን ስፍራ ግን ለባለቤቱ መመለስ ግድ ነው።

ስድስተኛ፥ የተደረገው ውለታ አይረሳ። የምስጋና ደብዳቤ መጻፍ ቀላል ነገር ቢሆንም፥ ለወጣቶች ሲነበብላቸው ለሌላ ጊዜ ያነሣሣቸዋል።

ለመንግሥት ሠራተኛ የሚነግረው

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ እነዚህን ሕግጋት ሲያነቡ የራስዎን መሥሪያ ቤት ሳያስታውሱ አይቀሩም። በቢሮ ቋንቋ ተጠባባቂ የሚባል ሹመት አለ። የቦታው ባለቤት እስኪሾም ወይም ከጉዞ እስኪመለስ ድረስ ሌላው በፈንታው ይፈርማል። ተጠባባቂ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ቦታው የእኔ አይደለም» እያለ መዝገቡን ሳይነካ ያቆየዋል፤ ባለጉዳዩም «ኃላፊው ሲመጡ ይምጡ» እየተባለ ይመላለሳል። ሌላው ደግሞ የቦታውን ሥራ እንደ ራሱ ሥራ አጥንቶ፥ ሊወስን የሚገባውን ወስኖ፥ የሠራውን ሁሉ በጽሑፍ አስቀምጦ፥ ባለቤቱ ሲመጣ ቁልፉን በደስታ ያስረክባል። የመጀመሪያው በአዳራሹ የተቀመጠ፥ ጥሩምባውን ግን ያልነፋ ሙዚቀኛ ነው። ሁለተኛው የአይዳሆን ጓድ ይመስላል።

እንዲሁም ከተወለዱበት አገር ርቀው በሌላ ከተማ ለሥራ የተመደቡ ብዙዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ዲላ፥ ከዲላም ወደ ጨለለቅቱ የተዛወረ ሠራተኛ፥ ለጥቂት ዓመት ብቻ የምቆይ ነኝ ብሎ ሻንጣውን ሳይፈታ ሊኖር ይችላል። ይህ ግን ለእርሱም ለከተማውም ጉዳት ነው። የከተማውን ሰዎች ስም ቢያውቅ፥ ከዕድሩ ቢገባ፥ ሰላምታውን በጌዴኡፋ ለመስጠት ቢሞክር፥ የልጆቻቸውም ቡድን ሲጫወት ወጥቶ ቢያጨበጭብ፥ ማንም «አንተ የእኛ አይደለህም» አይለውም። በቢሮውም ባለጉዳይ ሲመጣበት ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ሰው ያውቀዋል፤ ያወቀውንም ሰው ማጉላላት ይከብደዋል።

ለዚህ ሁሉ መጀመሪያ የሚሆነው ትንሽ ነገር ነው። በሚኖሩበት ከተማ ሜዳ ላይ ደጋፊ ያላስከተለ እንግዳ ቡድን ሲጫወት ባዩ ጊዜ፥ ከየት እንደ መጣና መዝሙሩ ምን እንደ ሆነ አጠገብዎ ያለውን ሰው ይጠይቁ። ከዚያም ተነሥተው ያጨብጭቡለት።